አንድ ሩብ ጎደለ

በይቺ ታሪክ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሳስቅባት ኖሬአለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የሳይንና የኮሳይን ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የተማሪዎቼ ዓይን መስለምለም ይጀምራል። ያኔ ጠመኔዬን አስቀምጥና «እናቴ ሥራዬን የሰረቀችኝን ቀን ላውራላችሁ?» እላለሁ። እንቅልፋሙ ሁሉ ቀና ይላል። የገዛ ልጇን የምትሰርቅ እናት ማን አይቶ ያውቃል!

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም አውርቻታለሁ። ስመረቅ ደግሞ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ እማ ራሷ በተቀመጠችበት፣ ብርጭቆዬን አንስቼ አውርቻታለሁ። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የሳቀችው እማ ነበረች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሳቂታ እናት አለችኝ ብዬ ኮራሁ።

አሁን ግን እንደነበረው ልናገራት። መጀመሪያ ልጅቷ እንዳየችው፣ ምክንያቱም ያቺ ልጅ እኔ ነኝ፤ ልክዳት አልችልም።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እኔና እማ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እማ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ቆራጭ ነበረች። ሰፊና ቆራጭ አንድ አይደሉም። ሰፊ ቢሳሳት ይተረትራል፣ እንደገና ይሰፋል። ቆራጭ ከተሳሳተ መመለሻ የለውም። ስለዚህ እማ ዝምተኛ ነበረች፤ መቀሱን ከመክፈቷ በፊት ረጅም ሰዓት ጨርቁን ታየዋለች፣ በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ክብ ነገር ሲያጋጥማት ጠመኔ ላይ ክር ታስራለች፤ የክሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ተጭና ታዞረዋለች። በቃ፣ የእሷ ሒሳብ ይኸው ነበር።

የእኔ ግን ሌላ ነበር። በዚያ ዓመት የሒሳብ መምህራችን፣ እጅጌው ከጠመኔ ጸድቶ የማያውቅ ረጅም ሰውዬ፣ ሰሌዳው ላይ አንድ የተጋደመና አንድ የቆመ መስመር አሰመረና በመሀላቸው ክብ ሣለ። «መስመሮቹ የሚገናኙበት መነሻ ነጥብ ይባላል» አለ። «አንድ ነው። ሁሉም ነገር የሚለካው ከእሱ ነው።» ቀጥሎ የክቡን የቀኝ የላይኛውን ሩብ በጠመኔ ቀባ። «ይቺን ሩብ በደንብ ካወቃችሁ ሌሎቹን ሦስቱን አወቃችሁ ማለት ነው። ግልባጭ ናቸው። ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚለየው ምልክቱ ብቻ ነው።»

ምልክቱ ብቻ! ያቺን «ብቻ» እንዴት እንደወደድኳት። አንድ ጊዜ ተለፍቶ አራት ጊዜ የሚበላበት ነገር አገኘሁ ማለት ነው። በፈተናው አንደኛ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ መሬት አልበቃኝ አለ።

አንድ ማታ ጠረጴዛው ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ሳለሁ እማ እጇን እያደራረቀች መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ይቺ የተጋደመችው ምንድን ናት?»

«ኤክስ።»

«የቆመችውስ?»

«ዋይ ናታ።»

«እዚህ ጋ ሠላሳ ብለሻል። የምኑ ሠላሳ ነው?»

«ዲግሪ ነዋ እማ! ዘዌው ነው፣ የመስመሩ መዘንበያ።»

ጣቷን ክቡ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ሄደችበት። «እና ክር ሳይኖር፣ ይቺ ነጥብ እዚህ ጋ መሆኗን በምን አወቅሽ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ ቢጠይቀኝ ከመቀመጫዬ ተነስቼ የማጨበጭብለት ጥያቄ ነው። ያን ማታ ግን «ተይው እማ፣ አንቺ አይገባሽም» አልኳት።

«እሺ» አለችና ተነሳች። በማግሥቱ ማታ ግን ወንበሯን ይዛ እንደገና መጣች። ደብተሬን ዘጋሁባት። ወሬ አጥታ ልትነዘንዘኝ የመጣች መሰለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌት ቤቱ እውል ነበር። በዚያ ሰሞን አንዲት ዘፋኝ ከውጭ ያመጣችውን ከፋይ ይዛ መጥታ ነበር፤ ጥቁር ቀይ፣ እጅ ሲያርፍበት እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልስ። መድረክ ላይ የምትለብሰው ሙሉ ክብ ጉርድ፣ ክሎሽ የሚሉት፣ ይሠራላት ተባለ። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴትዮ፣ ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ ወስዳ እማ ፊት አስቀመጠችው። «ሌላ ሰው አላስነካውም» አለች።

ያን ቅዳሜ ጠዋት እማ ከፋዩን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ ሦስት ሜትር ከሃያ ነበር። ሳታጥፈው፣ በነጠላው፣ በጀርባው በኩል ጠመኔ አደረገችበት። አራት የክብ ሩቦች፣ አንዱ ከአንዱ በታች፣ የአራቱም ሹል ጫፍ ወደ አንድ ወገን የዞረ። ገና መስመሩን ሳትጨርስ እትዬ ሌላ ደንበኛ ቤት ሄዳ ልክ እንድትወስድ ላከቻት።

«ማንም እንዳይነካው» አለችኝ እማ። «ጠብቂልኝ።»

እትዬም ወጣች፤ መርፌና ሌሎቹ ሰፊዎች ምሳ ወጥተዋል። መርፌ የምንላት ከሰፊዎቹ አንዷን ነው፤ ቀጭን ናት፣ አፏም ይወጋል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ከፋዩ ነበርን።

ሥዕሉን አየሁትና ሳቄ መጣ። አራት መነሻ ነጥብ! መነሻ ነጥብ እኮ አንድ ነው! አራት ጊዜ ልትስል፣ አራት ጊዜ ልትቆርጥ፣ ከዚያ ደግሞ አራቱን ልትገጣጥም። ጨርቁንም ሁሉ ልትጨርሰው። የእኔ ምስኪን እናት፣ ስላልተማረች እኮ ነው አልኩ። አዘንኩላት። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ በክፋት አልነበረም፣ በሐዘኔታ ነበር። አላዋቂ ሲያዝን ደግሞ ጉድ ነው።

ጨርቁን ለሁለት አጠፍኩት፣ እንደገና ለሁለት። የታጠፈው ጥግ መነሻ ነጥቤ ሆነ፣ ሁለቱ የታጠፉ ጠርዞች ኤክስና ዋይ ሆኑ። ልኩ እማ በጻፈችው ወረቀት ላይ አለ፤ ለወገቡ አሥራ አንድ፣ ለቁመቱ ስድሳ ሁለት፣ ድምሩ ሰባ ሦስት ሴንቲ ሜትር። ሰባ ሦስት ሲባዛ በኮሳይን ሠላሳ፣ ስድሳ ሦስት ነጥብ ሁለት። ሰባ ሦስት ሲባዛ በሳይን ሠላሳ፣ ሠላሳ ስድስት ተኩል። በየአሥራ አምስት ዲግሪው ነጥብ አደረግሁ፣ አጠገቡ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ነጥቦቹን አገናኘሁ። ክር አልነካሁም። ከዚያ የእማን ትልቁን መቀስ አነሳሁ። አራት ድርብ ከፋይ እንዲህ በቀላሉ አይቆረጥም፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። የወገቡንም ቀዳዳ ከጥጉ አወጣሁ።

ስዘረጋው እስቲ ምን ልበላችሁ! አንድ ወጥ ክብ፣ መጋጠሚያ የሌለው፣ እንከን የማይወጣለት። ግማሽ ጨርቅ ደግሞ ተርፏል። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ እማ እስክትመጣ ጠበቅኩ።

መጣች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «በአንድ ጊዜ! በኮሳይን!»

መዳፏን ከፋዩ ላይ አሳርፋ ወደ ታች ዳበሰችው፣ ደግሞ ወደ ላይ ዳበሰችው። የተረፈውን ግማሽ ስባ በስንዝር ለካችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እያደነቀች መሰለኝ። አንዴ ደገመችው፣ ሁለቴ ደገመችው። ከዚያ ክቡን አንስታ የልብስ መስቀያው አሻንጉሊት ወገብ ላይ በእስፒል ያዘችውና ዞረችው። ፊቱ ፈካ፣ ጀርባው ጠቆር ያለ መሰለኝ። የመስኮቱ ብርሃን ነው አልኩ።

«ክቡ በጣም ያምራል» አለች በመጨረሻ። ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ነበር።

«አምሯል አይደል?»

«አምሯል። ስሚኝማ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ገባሽ? ማንም ቢጠይቅሽ እኔ ነኝ። አንቺ አልነካሽውም።»

«ለምን?»

«በቃ፣ እንደነገርኩሽ።» ብሩሽ አነሳችና ከጨርቁ ጀርባ ቁጥሮቼን አንድ በአንድ ጠረገቻቸው። ኮሳይን ሠላሳ ጠፋ። ሳይን ሠላሳ ጠፋ። ስሜን ከፈተና ወረቀቴ ላይ እየፋቀች መሰለኝ።

እትዬ ስትገባ እማ ከልብስ መሞከሪያው መጋረጃ ጀርባ አስገባችኝ። የሰማሁት በጨርቅ ውስጥ ነው።

«ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ከፋዩ ሲገላበጥ ተሰማኝ። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አቆራረጥ አይቼ አላውቅም።»

«ዓይኔ ደክሞ ነው፣ እትዬ።»

«አንቺ? አንቺ ይኼን ትሠሪያለሽ? ዘፋኟ ስታየው ምን ትል ይሆን?»

እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ በንዴት እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ አድናቆት የእኔ ነበራ! እሷ ደግሞ ትሑት መስላ «ዓይኔ ደክሞ ነው» ትላለች። መርፌ በዚያ ሰዓት ከምሳ ተመልሳ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ፊቴን አየች፣ ውኃ የቋጠረ መዳፌን አየች። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ብላ መጋረጃውን መለሰችው። እናቴን ሰደበችልኝ ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ።

ሁለት ሳምንት እማን አላናገርኳትም ብል ይቀላል። ከዚያ አንድ ቀን ትልቁን መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ገባች።

«ሥራ ለቀቅኩ» አለች። «ዓይኔ ደክሟል። ከእንግዲህ እቤት ነኝ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ጫፍ እቀለብሳለሁ።»

«እንኳን!» አልኳት። «የሰው ሥራ የሚሰርቅ መጨረሻው ይኼው ነው። ሥራዬን ሰረቅሽኝ!»

የገዛ አፌ ነው ይኼን ያለው። እማ መቀሱን ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች፣ ክዳኑን ከደነች።

«አዎ፣ ወሰድኩብሽ» አለችኝ። «ይቅር በይኝ።»

እኔም፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ንግሥት፣ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «አስብበታለሁ» አልኳት።

በዚያው ዚፕ አስተማረችኝ፤ ዩኒቨርሲቲም የገባሁት በዚያው ዚፕ ነው። ስለ ስፌት ቤቱ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። እኔም ስለ ዓይኗ የተባለውን አምኜ፣ ስለ ስርቆቱ ደግሞ እያሳቅኩ፣ አደግሁ።

ባለፈው ወር ታዲያ ታሪኩን እንደ ልማዴ ክፍል ውስጥ አወራሁ። ሳቁ፤ አሪፍ አድርገው ሳቁ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ ራሷ ከዓመት ዓመት አፏን የማትከፍት ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ጨርቁ ምን ነበር ያሉን?»

«ከፋይ።»

«ከፋይ ታጥፎ ይቆረጣል እንዴ?»

«ለምን አይቆረጥም?»

ልጅቷ አፈረች። ግን ጀምራዋለች። «ፀጉር አለው እኮ፣ ቲቸር። ፀጉሩ ወደ ታች ሲተኛ ይፈካል፣ ወደ ላይ ሲሆን ይጠቁራል። እናቴ ክሎሽ ስትቆርጥ ሩብ ሩቡን ለየብቻ ነው፣ ጫፉን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አድርጋ። አንድ ላይ በክቡ ከቆረጡት፣ ሲለበስ ፀጉሩ ከፊት ይወርድና ከኋላ ይወጣል። ከፊትና ከኋላ ሁለት ልብስ ይመስላል። ይበላሻል።»

ሰሌዳው ላይ በገዛ እጄ የሣልኩት ክብ አለ። ከላይ ባሉት ሁለት ሩቦች ውስጥ፣ ሳይን፣ ብዬ የመደመር ምልክት አድርጌአለሁ። ከታች ባሉት ሁለቱ ውስጥ የመቀነስ ምልክት። ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚለየው ምልክቱ ብቻ ነው። ያ ጉርድ ግማሹ የፈካው፣ ግማሹ የጠቆረው፣ የመስኮት ብርሃን አልነበረም። በሕይወቴ ትክክለኛውን የሳይን ሥዕል የሣልኩት ያን ቀን ነው፤ በሰው ጨርቅ፣ በእናቴ እንጀራ ላይ።

ያኔ ምን ትቆጥር እንደነበርም የገባኝ እዚያው ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። ከተረፈው ግማሽ ሁለት ሩብ ይወጣል። ከተበላሸው ክብ ውስጥ ፀጉሩ በትክክል የሚወርድ አንድ ሩብ ይተርፋል። ሦስት። አንድ ሩብ ጎደለ። ሁለቴ የቆጠረችው አራት ይሆንላት እንደሆነ ብላ ነው።

«ቲቸር፣ ከዚያስ?» አለኝ አንዱ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «መልመጃ አራትን ሥሩ» ብዬ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ ሁለት ክፍል ተማሪ ፊት፣ እናቴን ሌባ ስል ኖሬአለሁ።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ እማ ጋ ሄድኩ። መስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ የአንድ ሰውዬ ጥቁር ሱሪ ጫፍ ትቀለብሳለች፤ ጨርቁን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ።

«እማ፣ ያ የዘፋኟ ጉርድ...»

መርፌዋ ቆመ። ሃያ አራት ዓመት አልፎታል፤ የትኛው ጉርድ ብላ አልጠየቀችኝም።

«ማን ነገረሽ?» አለች።

«ተማሪዬ።»

«ጎበዝ ልጅ ናት።»

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ? እማ፣ በኔ ምክንያት ነው እኮ ያስወጡሽ!»

«እትዬ ቆራጭ ያልሆነ ሰው መቀስ ካስነካሁ አንድ ቀን አታሳድረኝም ነበር። አንቺንም እዚያ ደጅ አታስደርስሽም። እኔ ተሳሳትኩ ብል ግን ምናልባት ታልፈኛለች ብዬ ነበር።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «አላለፈችኝም። ደግሞ እንዴት ልንገርሽ? እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም ነበር። ክቡም እውነት ያምር ነበር። እኔ በክር እንደዚያ ያለ ክብ ሠርቼ አላውቅም።»

ሆድ ካገር ይሰፋል የሚሉት እሷን አይተው ነው። እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ስስቅብሽ...»

«እሱን ተይው።» ሱሪውን ጭኗ ላይ አስተኛችው። «የሆነውን ንገሪኝ ካልሽ፣ ያኔ እትዬ አንዳችንን የቆራጮች ኃላፊ ልታደርግ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ንድፍ ዲግሪ ምናምን አለበት፣ እሱን ማንበብ የሚችል ነው የምሾመው አለች። ሌላው ሁሉ ነበረኝ። የጎደለችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ደብተርሽ ጋ የመጣሁት ለዚያ ነው።»

ያቺን ማታ እንኳ ረስቻት ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ወሬዬ ውስጥ አንድም ቀን አልነበረችም። አሁን እንዳለች መጣችብኝ፤ ወንበሯን ይዛ የመጣች እናቴና የደብተሬ ክዳን።

«ጉርዱ አይደለም ያመመኝ» አለች እማ፣ ሳትቆጣ፣ የአየር ጠባይ እንደምትነግረኝ። «ጉርድ ጨርቅ ነው። አንቺ አይገባሽም ያልሽኝ ነው ያመመኝ። እሱ እስካሁንም ያመኛል።»

አንገቴን ደፋሁ። «ይቅር በይኝ፣ እማ።»

ቀና ስል በዓይኗ ጥግ ሳቅ ይዛለች።

«አስብበታለሁ» አለችኝ። ቀጥላም የመርፌ ሣጥኗን ከፍታ ያለቀች ጠመኔ አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። «መጀመሪያ አስረጂኝ።»

ከጥቁሩ ሱሪ እግር ላይ አንድ የተጋደመና አንድ የቆመ መስመር አሰመርኩ። ክቡን ሣልኩ። የሠላሳ ዲግሪውን መስመር አወጣሁ። ክቡ አላማረም።

እማ ጎንበስ ብላ አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አየች።

«የታል?»

«ይኸውና እማ፣ ነጩ።»

«አይታየኝም ልጄ። ዓይኔ ደክሟል።»

በዚህኛው ጊዜ እውነቷን ነበር።

ጠመኔውን አስቀመጥኩና ጣቷን ያዝኩ። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አሳረፍኩት። «መነሻው ይኼ ነው» አልኳት፣ ጣቷንም ቀስ አድርጌ ወደ ቀኝ ነዳሁት።

«እሺ» አለች እማ። «ከዚያስ?»